«ጠረጴዛ፣ ትልቅ፣ አረንጓዴ፣ ብዛት አንድ»

መጋቢት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
አሶሳ

ለዳቡስ በር የወጣቶች ስፖርት ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር አቶ ምንያህል

ጉዳዩ፦ ከስብሰባ ያልተመለሰ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም ከመቀመጥ ብዛት እንደሚያምዎ በየስብሰባው መክፈቻ የሚያወሱልንን የወገብዎን ጤና ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ለወጉ ያህል ነው እንጂ ከተናደድኩ ሰባት ወር ሞላኝ፤ ንዴቴን በማመልከቻ ባቀርብልዎ መዝገብ ቤት እየገባ ስለቀረ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ዛሬ አገር በሚሰማው መንገድ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

ይህች ደፋር ደግሞ ማን ናት እንዳይሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ለሴቶች ቀን በማዕከሉ በር ላይ ባሰቀሉት ትልቅ ባነር ስሜን «በላጡ» ብለው አስጽፈው፣ በእጄም ያንን የዓሣ መጥበሻ የሚያህል የሜዳ ቴኒስ ራኬት አስይዘውኝ ስላየሁ፣ በደንብ እንደማያውቁኝ ተረድቻለሁ። ስለ ክብሩ ግን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ፎቶውም የሌላ ሰው ነበር።

በለጡ ደባልቄ እባላለሁ። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው፤ የተወለድኩትም ከቁጥር በቀር ስም ባልወጣለት መንደር፣ በአምባ ዘጠኝ ነው። ፒንግ ፖንግ ያስተማረኝ ከሆሳዕና ተመድቦ የመጣ ቦዔዝ የሚባል መምህር ሲሆን፣ የመጀመሪያ ጠረጴዛችን ከእህል መጋዘኑ የተገነጠለ በር ነበር። በሩን በሁለት በርሜል ላይ አጋደምነው፤ መረብ ስላልነበረን ገመድ ወጥረን የበቆሎ ሽፋን አንጠለጠልንበት። በዚያ በር ላይ አድጌ በ2002፣ በ2003፣ በ2005 እና በ2008 ዓ.ም. የአገሪቱ የሴቶች ሻምፒዮን ሆኛለሁ። የ2005ቱን ፍጻሜ ሁለት ለባዶ ተመርቼ ሦስት ለሁለት አሸንፌ ስመለስ፣ አባቴ ሜዳው ምን ያህል ይሰፋል ብሎ ጠየቀኝ፤ በጠረጴዛ ላይ ነው ብዬ ብመልስለት፣ ታዲያ ላዩ ላይ ወጥተሽ ነው የሮጥሽው ብሎ ከት ብሎ ሳቀብኝ። አባቴ ያልተማረ ሰው ስለሆነ ይቅር አልኩት።

አራተኛውን ዋንጫ ባነሳሁ ጊዜ አንድ እውነተኛ ጠረጴዛ ተሸለምኩ። ቤቴ አላስገባሁትም፤ ለክልላችን ልጆች ይሁን ብዬ በገዛ እጄ ለማዕከሉ አስረከብኩት። ያን ዕለት የንብረት ክፍሉ አቶ ነብዩ በካርዳቸው ላይ የመዘገቡት «ጠረጴዛ፣ ትልቅ፣ አረንጓዴ፣ ብዛት አንድ» ብለው ነው። ፒንግ ፖንግ የምትል ቃል እንዲጨምሩበት ብለምናቸው፣ ጠረጴዛ ጠረጴዛ ነው፣ ምን ያንዛዛናል ብለው ሳቁ። እኔም ሞኟ አብሬያቸው ሳቅኩ። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ባለፈው ነሐሴ ጠረጴዛችን ለሁለት ቀን ስብሰባ ተብሎ ከጂምናዚየሙ ተወሰደ። እርስዎ እንደመጡ አዳራሹ ትልቅ ጠረጴዛ ይጎድለዋል ብለው፣ አቶ ነብዩ ካርዳቸውን ቢያገላብጡ፣ ትልቅም አረንጓዴም የሆነ አንድ ተገኘ። ጨርቅ ለበሰ፣ የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠበት፣ ሻይ ፈሰሰበት። እነሆ ሁለቱ ቀን ሰባት ወር ሆነው አላለቁም። አንድ ስብሰባ ሰባት ወር ሙሉ ሲካሄድ በዘመኔ ያየሁት በእርስዎ አመራር ነውና እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ።

ሁለተኛ፦ ጠረጴዛው ሲሄድ መረቡ ብቻውን ቀረ። በካርዱ ላይ «መረብ፣ አነስተኛ» ስለተባለም፣ ለሥራ ዕድል ፈጠራ በሚል በእርስዎ ትእዛዝ ጉባ ድረስ ተጭኖ፣ በግድቡ ሐይቅ ላይ ዓሣ ለሚያጠምዱ ወጣቶች ተሰጠ። እግዜር ይስጣቸው፣ ወጣቶቹ ከእኛ ማዕከል ይሻላሉ፤ ይህ የኳስ እንጂ የዓሣ አይደለም ብለው በማግሥቱ ወደ አሶሳ በሚመጣ አይሱዙ መለሱልን። ሐይቅ ላይ የሚውል ልጅ አይቶ የለየውን፣ በስፖርት ማዕከል ውስጥ የሚለይ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? ኧረ በሕግ አምላክ!

ሦስተኛውና ሆዴን የሚያቃጥለው ግን የዐርዋ ነገር ነው። ዐርዋ ኻሚስ በማዕከሉ የማሰለጥናት የሆሞሻ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ዐሥራ ሰባት ነው፤ አፏን የፈታችው በቤርታ ስለሆነ በአማርኛ ስትቸኩል እኔን «አንተ» እያለች ትጠራኛለች። አራት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነች ሴት እውነቱን ትናገር ከተባለ፣ በዚህች ልጅ ዕድሜ እኔ የእርሷን ግማሽ አልጫወትም ነበር። አምና በብሔራዊ ቡድኑ የወጣቶች ዝርዝር ሁለተኛ ሆና ተመዘገበች። ጠረጴዛው ሲወሰድብን ምን እናድርግ? በማዕከሉ በረንዳ ላይ፣ በሲሚንቶው ወለል በኖራ መሥመር አስምረን መሬት ላይ ተጫወትን። ሰባት ወር ሙሉ! ልጅቱ ተንበርክካ፣ ወገቧን ሰብራ፣ ከጉልበት በታች የሚነጥር ኳስ ስትመታ ከረመች። እርስዎም በአጠገባችን ወደ አዳራሹ ሲያልፉ፣ በርቱ ልጆች ብለውን ያልፉ ነበር። ስለ ማበረታቻው እናመሰግናለን።

በጥር ለአገር አቀፉ ውድድር አዲስ አበባ ወረድን። ለአንዲት ተጫዋች አምስት አጃቢ ኃላፊ ተመድቦ፣ አምስታችሁ በአውሮፕላን፣ ተጫዋቿና አሰልጣኟ በአውቶቡስ ሄድን። ይህም ይሁን። ዐርዋ ግን እውነተኛ ጠረጴዛ ፊት ስትቆም እጇ ጠፋባት። ኳሱ እምብርቷ ላይ ሲደርስ እርሷ ከጉልበቷ በታች ትጠብቀዋለች። አምና ሦስት ለባዶ ያሸነፈቻት ልጅ ሦስት ለባዶ አሸነፈቻት። ስንመለስ በአውቶቡሱ መስኮት ላይ ግንባሯን አስደግፋ «ኳሱ ወደ ላይ ይመጣል፤ እኔ መሬት ነው የለመደ» አለችኝ። ሰዋስውዋን አላረምኩትም፤ እኔም እያለቀስኩ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በሳምንቱ የሽንፈቱን ምክንያት የሚመረምር ግምገማ ጠሩ። ዐሥራ አንድ ሰው ተቀመጠ፤ የት ቢባል፣ በጠረጴዛዬ ዙሪያ! አንዱ የሥነ ልቦና ዝግጅት ማነስ አለ፤ ሌላው የአሰልጣኝ አቅም ክፍተት አለ፤ እርስዎ በመጨረሻ በአባትነት ድምፅ፣ ወይዘሮ በለጡ፣ ምን ጎደለሽ፣ በግልጽ ንገሪን አሉኝ። እኔ በክርንዎ የተደገፉትን ጠረጴዛ በጣቴ ጠቆምኩ። እርስዎ ግን ውሃ የጠየቅኩ መስሎዎት አንድ ሃይላንድ አቀበሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ውሃ አልጠጣሁትም፤ እስከ ዛሬ ግን ጉሮሮዬ ላይ አለ። ቃለ ጉባኤው ላይም «አሰልጣኟ የጎደላት ነገር እንደሌለ ተረጋግጧል» ተብሎ ተጻፈ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ንዴቴ ከተራ ቁጥሩ በላይ ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ዐርዋ በጥር ብትሸነፍም የመጨረሻ ዕድል ተሰጥቷታል፤ እሑድ መጋቢት 27 አዲስ አበባ በሚደረገው ማጣሪያ ካላሸነፈች ስሟ ከብሔራዊ ቡድኑ ዝርዝር ይፋቃል። ከተፋቀ በኋላ የሆሞሻን ልጅ ማን ያስታውሳታል? እኔ ባነር ላይ እንኳ ልክ አልተጻፍኩም! ያላት የሃያ አራት ቀን ጊዜ ነው፤ በሃያ አራት ቀን ቀጥ ብላ መቆም እንደገና መልመድ አለባት። ለዚህም ጠረጴዛ እንጂ ማበረታቻ አያስፈልጋትም።

በሰባት ወር ሰባት ማመልከቻ ጽፌ አንድም መልስ ባላገኝ፣ ትናንት አንድ ብልሃት ተገለጠልኝ። ለካ ጥፋቱ የእኔ ኖሯል፤ እኔ በስፖርት ቋንቋ እጽፋለሁ፣ ማዕከላችን የሚሰማው የስብሰባ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ስምንተኛውን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በሆሞሻ ለሚካሄደው የሴቶች አቅም ግንባታ ዐውደ ጥናት፣ ጠረጴዛ፣ ትልቅ፣ አረንጓዴ፣ ብዛት አንድ፣ እንዲፈቀድልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» እርስዎ ራስዎ ኮሪደሩ ላይ፣ በአንድ እጅዎ ስልክ እያናገሩ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈው «ይፈቀድ» ብለው ፈረሙበት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አቶ ነብዩ ከካርዳቸው ጋር ቢያመሳክሩት አንድ ፊደል አልተዛነፈም፤ ወዲያው የወጪ ደረሰኙን ቆረጡልኝ። የጥበቃው ጋሽ ሱለይማን በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ፤ ጠረጴዛውን በአንድ ጎን ተሸክመው በተከራየሁት አይሱዙ ላይ ሲጭኑልኝም አልሐምዱሊላህ ሲሉ ሰማኋቸው።

እንግዲህ ጠረጴዛው ሆሞሻ ነው። የግራ ማዕዘኑ ሻይ ጠጥቶ አብጧል፤ ኳስ እዚያ ሲያርፍ ሞቶ ይቀራል፤ ቢሆንም ቁመቱ ልክ ነው። ዐውደ ጥናቱ በመልካም ሁኔታ ተጀምሯል። ተሳታፊዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ትመታለች፣ አንዷ ትመልሳለች፤ የመክፈቻ ንግግር አልተደረገም። በቅጹ ላይ «የሚያበቃበት ቀን» የሚለው ቦታ ባዶ ነው፤ ሳያዩት የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ጠረጴዛውን ላስመልስ ቢሉ መጀመሪያ ፊርማዎን መሻር አለብዎት፤ ፊርማዎን ለመሻር ስብሰባ መጥራት አለብዎት፤ ስብሰባ ለመጥራት ደግሞ፣ እርስዎ እንዳስተማሩን፣ ትልቅ ጠረጴዛ የግድ ነው።

ሽልማት አልጠየቅኩም፤ ባነሩም እንዲታረም አልጠይቅም። እስከ መጋቢት 27 ድረስ ብቻ ተዉን። መርዳቱ ቢቀር መርሳቱን አይንፈጉን፤ መርሳት እንደሆነ ያውቁበታል።

የእርስዎን ዘጠኝ የመክፈቻና ዘጠኝ የመዝጊያ ንግግር ሳትተኛ ያዳመጠች፣ በበረንዳዎ ላይ ተንበርክካ ሰባት ወር ያሰለጠነች፣ በትሕትና ከወገቧ ዝቅ የምትል፣ ግን ሁለተኛ የማትንበረከክ፣

በለጡ ደባልቄ
(ስሜ እንዲህ ነው የሚጻፈው)

ግልባጭ፦
- ለንብረት ክፍል፣ ለካርዳቸው
- ለጉባ ዓሣ አጥማጆች፣ ከምስጋና ጋር
- ለሚያነብ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዐርዋ ብታሸንፍ «በማዕከላችን ያላሰለሰ ድጋፍ» የሚል ዜና እንደሚያስነግሩና አበባ ይዘው አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚቆሙ አውቃለሁ፤ ግድ የለም፣ ያን ቀን የእርስዎ ልጅ ትሁን፤ እኛ ግን በአውቶቡስ ስለምንመጣ አበባው እንዳይጠወልግ። ብትሸነፍ ግን የእኔ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ግምገማ አይጥሩብን፤ ከአዲስ አበባ አሶሳ ድረስ የምታለቅስ ልጅ ማባበል ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ አይቻለሁና፣ እንባዋን ለብቻችን ተዉልን።