ሁለት ቋንቋ ባንድ ሰሌዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፬

ዛሬም አጥፍቶታል። የሰሌዳው ቀኝ የኔ፣ ግራው የመ/ር ግርማ ነው፤ መሀሉን አስምረን ተስማምተን ነበር። ለሰባተኛ ክፍል የጻፍኩትን የፈረንሳይኛ ግስ ሙልጭ አድርጎ ጠርጎ በእንግሊዝኛ ሞልቶታል። ብጠይቀው፣ ጠበበኝ አለ። ጠበበው! ከአ/አ ከመጣ ወር አልደፈነም፣ ከተማችን መካነ ኢየሱስ ጠበበችው።

ደብተሬ፣ ይህን ሰው አልወደውም። ለሰው አልናገርም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፮፣ ከምሳ በኋላ

የአውራጃው ገዥ ልጆቹ ሁለቱንም ቋንቋ ይማሩ ብለው ካዘዙ ወዲህ ጠዋት ፈ/ኛ፣ ከሰዓት እ/ኛ። እኔ ጠዋት የተከልኩትን እሱ ከሰዓት ይነቅላል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና በእ/ኛ ነው፣ የእትዬን ግስ ይዛችሁ የት ልትደርሱ ይላቸዋል። ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ። ከሁሉ የሚያበግነኝ፣ ስለ ፈተናው እውነቱን መሆኑ።

እኔን አ/አ ያስተማሩኝ የፈረንሳይ ሴት መነኮሳት አንድ የእ/ኛ ቃል አላስያዙኝም። ይህን ያውቃል። የመምህራን ክፍል ስገባ ሆን ብሎ ከዲሬክተሩ ጋር በእ/ኛ ያወራል። ይስቃሉ። በምን? እንጃ።

አርብ፣ ጥቅምት ፰



ዘነበች፣ የአያ ካሴ ልጅ። ከሰባተኛ ክፍል በሁለቱም ቋንቋ የሚደርስባት የለም። ግርማ ጠመኔ ሲያቀብላት ሳታስበው በፈ/ኛ «መርሲ» አለችው። በቃ። አመሰገነችው እኮ! ክፍሉ ፊት ጠጠር ላይ አንበረከካት፣ እስከ ደወል። አንገቷ ላይ «አህያ ነኝ» የሚል ካርቶን አንጠልጥሎ።

ደጅ አገኘኋት። ጉልበቷ ደምቷል። አላለቀሰችም። ምን ሆንሽ ብላት ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ በየትኛው ቋንቋ ልመልስልዎ?»

ሄጄ ጮህኩበት። ክፍሌ ነው፣ ሥርዓቴ ነው አለ። ዲሬክተሩ መሀል ገብተው ገላገሉን። ባይገቡ ምን እንደማደርግ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪

ዘነበች ትናንትም ዛሬም የለችም። ጓደኞቿ እንደሚሉት አባቷ አስቀርተዋታል። አምና ለጋብቻ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አያ ካሴ፣ ልጄ ተማሪ ናት ብለው መልሰዋቸው ነበር። አሁን ተመልሰው ይምጡ ብለዋል አሉ።

ለግርማ ነገርኩት። አንዲት ልጅ ብትቀር ት/ቤት አይዘጋም አለኝ። ጠመኔውን እያራገፈ። ፊቴ ላይ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፮

አያ ካሴ ዘንድ ሄድኩ። ገብስ እያጨዱ ነበር። ማጭዳቸውን ሳያስቀምጡ አነጋገሩኝ።

«ልጄ ዳዊት ደግማለች። ቄስ ትምህርት ቤት እንኳ አህያ ብሎ የሰደባት የለም። እናንተ ሁለታችሁ ተጣላችሁ፣ የደማችው እሷ ናት።»

 ተናደድኩ፣ በእሳቸውም።

«እንግዲያስ ይዳሯት! ለፈተናው አንድ ክፍል ሲቀራት ይዳሯት!»

 ዘነበች ነዶ ታቅፋ ቆማ ትሰማለች።  አያ ካሴ እንዲህ አሉ፤ ያ ሰው ሲያስተምር ክፍሉ ውስጥ ዓይን የሚሆናት ሰው ከተገኘ ትመለስ። ካልተገኘ ሽማግሌዎቹን እቀበላለሁ።

ማን ይሆናታል አልኳቸው።

«አንቺ ነሻ!»

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስሳደብ መጣሁ። እሱን። እሳቸውን። እ/ኛን።

እሑድ፣ ጥቅምት ፲፯

ከቅዳሴ መልስ ዲሬክተሩ ቤት። ከሰዓት ክፍል የለኝም፣ እ/ኛ ሲሰጥ ገብቼ ልቀመጥ አልኳቸው። ሳቁ። መምህርት ከተማሪ ጋር? ሕዝቡ ምን ይላል? ሴት ልጅ ስትንበረከክ ምን ብሎ ነበር አልኳቸው። ሳቃቸው ቆመ። እንዳሻሽ አሉ፣ ፊታቸውን አዙረው።

አመሻሹ ላይ ግርማ መልእክት ላከብኝ፤ እንደ ተማሪ ከገባች እንደ ተማሪ ትጠየቃለች፣ አጥፍታ ከተገኘችም እንደ ተማሪ ትቀጣለች።

አንድ ቃል አላውቅም። ፊደሉን ሳይቀር እንደ ፈረንሳይ ነው የምጠራው፤ አፌን ስከፍት ያስተማርኳቸው ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ። አያ ካሴ ዘንድ ሰው ልኬአለሁ፣ ዘነበች ትምጣ ብዬ። ነገ ከሰዓት እሷ አግዳሚ ላይ፣ ከጎኗ እቀመጣለሁ።

ማንበርከክ የሚያምረው ከሆነ፣ በኔ ይጀምር።