ለፒካፕህ ቱርቦው ተገጠመላት

ሳሚዬ፣ ወንድም ጋሼ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር አለፈ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ እማዬ በየጸሎቷ ስለምትጠይቅልህ ለእኔ የተረፈ ጥያቄ የለም።

እኛ አሁንም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚያው ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነን። መኝታ ክፍላችን ብቻዬን ቀርቼበታለሁ፤ አልጋህ ላይ ግን አልተኛም፣ መጻሕፍቴን ደርድሬበታለሁ። መንጃ ፈቃድም አወጣሁ። እማዬ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ያለውን የሆቴል ሥራዋን አልተወችም፤ የሚያደርሳት ስለጠፋ በባቡርና በአውቶቡስ ትመላለስ ነበር።

የጻፍኩልህ ግን ስለ ፒካፗ ነው። በዚያ ብርድ፣ ለሞተሩ አየር እየነፋ ጉልበት የሚጨምረውን ቱርቦ ስናስር፣ እጄ ደንዝዞ ብሎን በጣልኩ ቁጥር «አንሳ እንጂ፣ ኢንጂነር!» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። የአየር መስመሩና የዘይት ቱቦው ብቻ ቀርተው ነበር። ለምን እንደምትለፋ የነገርከው ለእኔ ብቻ ነው። ያቺ አሮጌ የናፍጣ መኪና፣ እማዬን ይዘህ ከተማውን የሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ ቤልትዌይ፣ ስትገባ ጉልበት ታጣለች፤ ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና አንድ ቀን እንዳይጨፈልቃችሁ ፈርተህ ነበር።

እማዬ ይህን አታውቅም። ለእሷ ቱርቦ ማለት ፍጥነት ነው። አንተ ደግሞ በሰው መኪና ተሳፍረህ፣ በሰው ፍጥነት ሞትክብን። ትምህርት ተዘግቶ የፒካፗን ሽፋን ስገልጥ ወጥታ አየችኝና ፊቷን አዙራ ተመለሰች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የዘይት ቱቦው ካስቀመጥክበት ካርቶን ጠፋ። ክንድ የሚያህል፣ በሽቦ የተጎነጎነ ቀጭን ቱቦ ነው። ከወንበር ሥር፣ ከመሣሪያ ሣጥንህ፣ ከጓሮው ሣር ውስጥ ሳይቀር ፈለግሁት። ያለሱ ቱርቦው ዘይት አያገኝም፤ ያለ ዘይት ደግሞ ወዲያው ግሎ ይነክሳል፣ መዞሩን ያቆማል። የአየር መስመሩን ገጠምኩ፤ ለዘይቱ ግን ሲቸግረኝ ተራ የጎማ ቱቦ ገዝቼ፣ ለክቼ ቆርጬ አሰርኩት። ቁልፉን ላዞር ስል ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ ታክሲያቸውን አቁመው በተከፈተው ኮፈን ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ጎማ እኮ ይቀልጣል! ዘይቱ የጋለ ብረት ላይ ሲረጭ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ራስህን ልትጠብስ ነው? ውረድ ከዚያ!»

እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ሮጣ ገባች፤ ስትመለስ ቱቦውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከበርበሬ ጣሳ ውስጥ ነው ያወጣችው፤ እስከ ክርኗ ቀልታለች።

«መኪናው እንዳይነሳ ብዬ ነበር እኮ። ልጄን ላቃጥለው ነበር» አለች።

ጋሽ ተፈራ ተቀበሏትና አስነጠሳቸው። «አልማዝዬ፣ ሞተር እኮ አልጫ ነው የሚበላው» አሉ። እማዬ ግን አልሳቀችም።

ያኔ ነው ምክንያትህን የነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እንግዲያው መጀመሪያ የምቀመጥባት እኔ ነኝ» አለች።

ቱቦውን በናፍጣ አጥበን፣ ውስጡን በአየር ነፍተን ገጠምነው። ናፍጣውን ዘግተን ሞተሩን በባትሪ ብቻ ደጋግመን አዞርነው፤ ያስነሳነው ዘይቱ ቱርቦው ጋ መድረሱን ጋሽ ተፈራ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እማዬ ከነጥቁር ልብሷ ገብታ ተቀመጠች። ቤልትዌይ መግቢያው ላይ ስንደርስ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። በመስተዋቱ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እየመጣ ነው። እማዬ የበሩን እጀታ ጨበጠች። እግሬን ጫንኩ። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ያቺው የድሮዋ ፒካፕ ነች።  ከዚያ ቀጭን ፉጨት ተሰማና ወንበሩ ጀርባችንን ገፋን። የጭነት መኪናው በመስተዋቱ ውስጥ እያነሰ ሄደ። ወዲያው እግሬን አላልቼ ከሰው እኩል መንዳት ጀመርኩ።

 የወንዙን ድልድይ ስንሻገር እማዬ እጀታውን ለቀቀችና፣ «ነገ ሥራ ታደርሰኛለህ?» አለችኝ።

ሳሚዬ፣ አደረስኳት። አሁን ቃሌን ስማኝ። እሷ አጠገቤ ስትቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ብቻዬን ስሆንም፣ ጓደኞቼ «ንካው! ንካው!» ሲሉኝም፣ ያንን ጉልበት ለቤልትዌይ መግቢያው ብቻ ነው የምጠቀምበት። አንተ የተመኘኸው ለዚያ ነበርና። እግሬን ከነዳጁ ባነሳሁ ቁጥር አንተን አስቤ እንደሆነ እወቅልኝ።

ታናሽህ ናቲ