የተነቀሉት ችካሎች

ባዩ ፔቲ-ሼን፣ ሉዊዚያና
ኦክቶበር 14 ቀን 2007

ለልጄ ለኦዲል፣ ሲያትል ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

አባትሽን የገደለው ወንድምሽ ኤልፌዥ ነው። ይህን ከሁሉ በፊት የጻፍኩት፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስት ጊዜም «እማዬ፣ አሁንስ ይብቃሽ» የሚለው ላይ ስለቆምኩ ነው። የሚበቃኝን የማውቀው እኔ ነኝ። ለቅዱሳን ሁሉ ቀን መጥቶ የአባቱን መቃብር ኖራ ልቀባ ይላል ብለሻል። ራሱ ለምን አልጠየቀኝም? ከሂዩስተን እዚህ ድረስ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። አንቺ የአገሪቱ ሌላ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ አማላጅ ሆንሽለት።

መልስ ይገባሻልና እመልስልሻለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ እኔም የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው።

ጉልበቴ እንደነበረው ነው። ቤቱም ቆሟል። የደቡብ ነፋስ ሦስት ቀን ከነፈሰ ግን ውሃው መንገዱን ስለሚሸፍነው ወደ መቃብሩ የሚኬደው በጀልባ ሆኗል። ከጓሮ የነበሩትን ሁለቱን የኦክ ዛፎች ጨው ገደላቸው፤ ቆመው ደርቀዋል። ሽሪምፑ ዘንድሮ ደቃቃ ነው። ጠቃጠቆው ትራውት የምንለው ዓሣ ግን ከባሕሩ ወደ ውስጥ መግባት ጀምሯል። ባለፈው ሐሙስ በትንሿ ጀልባ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ወጥቼ ሰባት ይዤ ተመለስኩ፤ ከሳሩ ሥር ጀርባውን አውጥቶ ሸርጣን ሲያሳድድ ያገኘሁት አንድ ቀይ ዓሣም ጨመርኩ። ባለ ትልልቅ ሞተሮቹ የከተማ ሰዎች በዓሦቹ ላይ እየጋለቡ ነበር ያለፉት። እኔ ውሃው ላይ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል፣ ከሳህን የማይበልጥ ክብ ነገር አየሁ። ጠጋ ስል ሐብሐብ ሐብሐብ ሸተተኝ። ጠቃጠቆው ከሥር ሆኖ ሲበላ የሚለቀው ስብ እንደዚያ ነው የሚሸተው። ክቡ ትንሽ ከሆነ ዓሣው እዚያው አለ፤ ከሰፋ ሄዷል። ይህን ለእኔ ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ እኔ ደግሞ ለኤልፌዥ አስተማርኩት። ያንን ባላስተማርኩት ኖሮ እዚሁ ሽሪምፑን እየጎተተ በኖረ፣ እንግዳም ባላመጣብን።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ረግረጉ የምታውቂው አይደለም። ከቤታችን ዓሣ እስከሚጠመድበት እስከ ዛጎሉ ጉድጓድ በሳር መካከል ይሄድ የነበረው ቦይ፣ ሳሩ አልቆ ግራና ቀኙ ጠፍቷል። ሁሉም አንድ ሜዳ ውሃ ሆኗል። ጥልቁ ግን ያው የድሮው ቦይ ነው፤ ከእሱ ጥቂት ክንድ ወጣ ካልሽ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ትቀመጣለች። አባትሽ ለዚህ ነበር በጥልቁ ዳር ዳር አሥራ አንድ የአኻያ ችካል የተከለው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው በኋላ የሚሄደው ከችካል ወደ ችካል እየቆጠረ ነው። እዚህ የሌላ ቤት ችካል የሚነካ የለም። የራሱን የሚነቅል ሰው እንኳ በየቤቱ ዞሮ ይናገራል። ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

የከተማ ሰዎች ግን አያውቁትም። ኤልፌዥ በክፍያ እንግዶችን ዓሣ ማስጠመድ ከጀመረ በኋላ ሌሎቹ የእኛን ችካል እየተከተሉ ዛጎሉ ጉድጓድ ላይ ይቆሙ ጀመር። አንድ ቅዳሜ አሥራ አራት ጀልባ ቆጠርን። በብርድ ወራት ጠቃጠቆው ሁሉ የሚታጎርበት ጉድጓድ ነው፤ ሊያሟጥጡት ትንሽ ነበር የቀራቸው። ኤልፌዥ መንገዱ ሁሉ በጂፒኤሱ ላይ ተይዞለታል፣ ችካል አያስፈልገውም። ጃንዋሪ ውስጥ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ አሥራ አንዱንም ነቀላቸው።

በማግስቱ ማለዳ ጭጋግ ነበር። አባትሽ ወጣ። ጉድጓዱን ያለ ችካል በአፍንጫው አገኘው፤ ይህን የማውቀው የበረዶ ሳጥኑ በዓሣ ሞልቶ ስለተገኘ ነው። እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ወደ ሰሜን ዞረ። የሰሜን ነፋስ ውሃውን ከረግረጉ ጠርጎ ወደ ባሕር እንደሚያወጣው ታውቂያለሽ። አባትሽ ጥልቁን ሲፈልግ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተቀመጠች፣ ውሃውም ከሥሯ ሸሸ። ወርዶ እንዳይራመድ ጭቃው እስከ ወገብ ይውጣል። ውሃው እስኪመለስ ደግሞ ጀልባ ሊደርስለት አልቻለም። ዓርብ ጠዋት ጎረቤታችን ቴዎፊል ሲያገኘው ሸራ ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር። ብርድ ነው የጨረሰው። ዓሦቹን ያው ብርዱ ጠብቋቸው ምንም አልሆኑም ነበር። ያንን ሳጥን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

በቀብሩ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ ያልኩትን ሰምተሻል። «ችካሉን ነቅለህ፣ ለአንድ ሰው እንኳ ሳትናገር፣ አባትህን ገደልከው» አልኩት። ኤልፌዥ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ «እሺ፣ እማዬ» አለ።

ከዚያ በኋላ ነዳጅ ማደያው ጋ ሲቆም ወንዶቹ ጀርባቸውን ይሰጡት ጀመር። እንግዳ የሚልክለትም ጠፋ። ማርች ላይ ጀልባውን በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤቱ ሥር ገልብጦ ሂዩስተን ሄደ። ብረት ይበይዳል፣ ይጠጣል፣ ውሃ አጠገብ አይቀርብም፣ አንዳንዴ ስልክ ደውሎ ሳይናገር ይዘጋል ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔም ጋ ይደውላል። ሳይናገር ይዘጋል። «አንድ ቀን የሆነ ነገር ሆነ ተብሎ እንዳይደወልልኝ እፈራለሁ» ያልሽውንም አንብቤዋለሁ። ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ምን ለማለት እንደፈለግሽ ይገባኛል።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

ፖሊሶቹ ከአባትሽ ኪስ ያገኙትን በላስቲክ ከረጢት ሲሰጡኝ አጠገቤ ነበርሽ። አንድ ሰንጢ፣ መቁጠሪያውና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት። ወረቀቱ ምንድን ነው ስትዪኝ የነዳጅ ደረሰኝ ነው አልኩሽ። አልነበረም።

ከሚስ ኮርኔሊያ ዘንድ ፊደል መማር ስጀምር አባትሽ እንዳልወደደው ታውቂያለሽ። በልጅነታችን የላይኛው ሰፈር ትምህርት ቤት የእኛን ወገን ልጆች አያስገባም ነበር፤ እሱም እኔም በጣት አሻራ ኖርን። እኔ ስልሳ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ በየማክሰኞው ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ እየሄድኩ እንደ ሕፃን እርሳስ ጨበጥኩ። ቤት ውስጥ ሲያሾፍብኝ ችዬው ነበር። አንድ ቀን ግን ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ወንዶቹ ሁሉ ባሉበት፣ «ክሌሊ፣ ቀዩን ዓሣ ስሙን ጽፈሽ ብትጠሪው እየዋኘ ይመጣልሻል ወይስ እሱንም ታስተምሪዋለሽ?» አለኝ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ይባስ ብሎም «ተዉአት፣ በሚቀጥለው ዓመት ጳጳስ ትሆናለች» አለ።

ከዚያች ቀን ጀምሬ አላነጋገርኩትም። ምግቡን አቀርባለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፣ ቃል የለም። እሱም ኮራ። ጨው ሲፈልግ ውሻውን ነበር «ጨው አቀብለኝ» የሚለው። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈን።

ያን ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ አባትሽ እንደ ልማዱ በጊዜ ጋደም እንዳለ፣ ኤልፌዥ መጣ። ቦት ጫማው ጭቃ ስለነበር አልገባም፣ በሩ ላይ ቆሞ ነው የተናገረው።

«እማዬ፣ ችካሎቹን ነቅያቸዋለሁ። ነገ ከባተን ሩዥ የሚመጡ ሰዎች አሉኝ፣ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ። ለአባባ ንገሪው። ጭጋግ ካለ አይውጣ፤ ከሰዓት መጥቼ እኔው በጀልባዬ አወጣዋለሁ።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት።

«እንዳትረሺ።»

«እኔ መቼ ረስቼ አውቃለሁ?»

አልረሳሁም። ወደ መኝታ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ግን ቀድሜ የምናገረው እኔ ልሁን? ዘጠኝ ቀን ችዬ በአሥረኛው ልሸነፍለት? ተመለስኩና ከደብተሬ አንድ ወረቀት ቀደድኩ። «ኤልፌዥ ችካሎቹን ነቅሏል። ጭጋግ ካለ አትውጣ» ብዬ ጻፍኩ። መምህሯ ሳታዘኝ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ፊደሎቹን እያጠፋሁ መልሼ አሳመርኳቸው። ከስኒው ሥር አስቀምጬው ተኛሁ።

ማንበብ እንደማይችል ረስተሽ ነው ወይ እንዳትዪኝ። የጻፍኩት ስለማይችል ነው። መጥቶ «ክሌሊ፣ ይህ ምን ይላል?» እንዲለኝ ነው። አንዴ ብቻ እንዲጠይቀኝ።

በማለዳ ኮቴውን ሰማሁ። ስኒው ሲነሣ ሰማሁ። ወረቀቱ ሲታጠፍም ሰማሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጠበቅሁት። በሩ ተዘጋ። ሞተሩ ደግሞ ሲበርደው ቶሎ አይነሣም፤ ሦስት አራቴ ነው የሚጎትተው። ተነሥቼ ከበረንዳው ላይ ለመጣራት ጊዜ ነበረኝ። ጉተታውን ቆጠርኩት። በአምስተኛው ተነሣ።

ወረቀቱን ከረጢቱ ውስጥ ሳየው አልተበላሸም ነበር። እርሳስ ውሃ አይፈራም። ኪሱ ውስጥ እንደጨመረው ረስቶት የሞተ መስሎኝ ነበር፤ ወይም ንቆኝ። እንደዚያ እያሰብኩ እሱንም ኤልፌዥንም ስረግም ስምንት ወር ኖርኩ፤ እርግማኑ ሳይረዳኝም አልቀረም። ባለፈው ወር ግን ቴዎፊል ሽሪምፕ ይዞልኝ መጣና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው ወሬውን ያነሣው።

«ድሮዛን እኮ በመጨረሻዋ ቀን ደስ ብሎት ነበር» አለኝ። በዚያ ማለዳ ውሃው ዳር ካለው ማደያ ነዳጅ ሲቀዱ አባትሽን አገኘው። አባትሽ ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣና መነጽርህን ይዘሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ቴዎፊል መነጽሩን ከመኪናው ሊያመጣ ሲል ሐሳቡን ቀየረ። «ተወው፣ ሚስቴ ናት የጻፈችልኝ» አለው። «ስመለስ ራሷ ታነብልኛለች።» ቴዎፊልም «አንተ ሽማግሌ፣ በስተርጅና የፍቅር ደብዳቤ ይጻፍልህ ጀመር?» ብሎ ሳቀበት። አባትሽ እስከ ጆሮው ቀልቶ ወረቀቱን አጠፈው፣ ኪሱንም ቆለፈው። ቴዎፊል ይህን እየሳቀ ነገረኝ። አመስግኜ ሸኘሁት።

ስመለስ ታነብልኛለች አለ። አንድ ክፍል ብቻ አቋርጦ መጠየቅ ሲችል። በዚያ ቤት ማንበብ የምትችል አንዲት ሰው ነበረች፣ ነቅታም ነበር። ያስታርቀናል ብሎ ያሰበውን ወረቀት ግን ለማታ አቆየው።

ኤልፌዥስ? «ለእማዬ ነግሬያት ነበር» ማለት ይችል ነበር። በዚያች በር ላይ ይህችን ብቻ። ቢናገር ኖሮ ሰው ፊት እክደው ነበር፤ እንደምክደው አውቃለሁ። ግን ተጣልተን፣ ተሰዳድበን፣ አንድ ቀን ይወጣልን ነበር። እሱ ስለ እኔ ብሎ ዝም አለ። ማን ለመነው? ሰፈሩ ጀርባውን ሲሰጠው ዝም፣ ጀልባውን ሲገለብጥ ዝም፣ ስልኩን ሲደውልም ዝም። እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህን ዝምታውን ነው። ከአባቱ ወረሰው እንዳልል ያው ከእኔም ነው።

ይምጣ። ኖራውን ገዝቼ ከመጋዘኑ አስቀምጫለሁ፣ ብሩሹም አዲስ ነው። መንገዱ ላይ ውሃ ካለ የእኔን ጀልባ ይውሰድ። እጄን ዘርግቼ እንድቀበለው ግን አትጠብቂ፤ እንደዚያ ዓይነት ሴት አይደለሁም፣ ታውቂያለሽ። በዚያች ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቴዎፊልንና ወንዶቹን በሩ ላይ አቁሜ ኤልፌዥ ለማን እንደነገረ እነግራቸዋለሁ። ይሳቁብኝ፣ ጀርባቸውንም ይስጡኝ። ከመምጣቱ በፊት አንቺ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በስልክ አንብቢለት። ምንም አትዝለዪ። ስልኩን ሳይናገር ቢዘጋብሽ መልሰሽ ደውዪለት።

የባልሽ ሳል እንዴት ሆነ? የትንሿን ልጅ ፎቶ አይቻለሁ፤ በጣም ከስታለች፣ አብያት። እግዚአብሔር ልጆችሽን ከውሃም ከኩራትም ይጠብቅልሽ። ፊትሽን ሳያሳየኝ አይውሰደኝ።

ለሰውም ሆነ ለራሴ፣ ከዛሬ ወዲያ አባትሽን የገደለው እሱ ነው አልልም።

እናትሽ ክሌሊ