እምቢ ያልነው ኮምፖስት ያበቀለው ድንች

ድንቹ ወጥቷል፤ በኮምፖስት ያበቀልነው ድንች ወጥቷል! ትናንት ስንቆፍረው አንዳንዱ ከመዳፌ አልፎ በሁለት እጅ ነው ያነሣሁት።

ደስታው አስቸኩሎኝ ሰላምታውን ረሳሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። ለተከበሩ የቀበሌያችን የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ፣ ለአቶ አንዱአምላክ፤ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የደብረ ታቦር ብርድ አልጎዳዎትም? እኛ ደኅና ነን፤ ቆሻሻችንም ደኅና ነው።

፩ኛ፦ ዓምና ሰብስበውን ልጣጩን ለብቻ፣ አመዱን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ እንድንለይ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እኔ እንደሆነ አመንኩዎት። ኩበት ልጠፈጥፈው የነበረውን እበት ሳይቀር ለኮምፖስቱ ጉድጓድ ሰጠሁ። ባለቤቴ በእርጥብ እንጨት ጭስ እያነጠሰ፣ ጉድጓዱን እንደዚህ ከቀለብሽው እኛንስ መቼ ነው የምታስታውሽን እያለ ክረምቱን ሙሉ ሲቀልድብኝ ከረመ።

፪ኛ፦ ፕላስቲኩን ለገዢ አስረክባለሁ ስላሉን፣ የማን ጆንያ እንደሆነ እንዲለይ ጎረቤቴ ሀዋ ከሻሿ ጫፍ፣ እኔ ከነጠላዬ ጥለት ቀድደን አፉን አሰርንበት። ደግ አደረግን። ከቢሮዎ ጀርባ ካለው ገደል ተጥለው ስናገኛቸው ማንም የሌላውን አላነሣም። ከምንጫችን በላይ ያስጣሏቸውም ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ እንዳይጠፉብን አስበው ይሆናል፤ ላሳቢነትዎ እግዜር ይስጥልን።

፫ኛ፦ ይህ ግን ከበደኝ። በወረዳው ስብሰባ ላይ ቆመው የመንደሩ ሴቶች ኮምፖስቱን እምቢ አሉ ማለትዎን፣ እዚያው ተቀምጣ የሰማችው መምህርት ሠናይት ነገረችን። ኮምፖስት ለሠራ መንደር የታሰበው የዘር ድንችም በዚሁ ቃልዎ ወደ ሌላ ቀበሌ ሊሄድ ነው። ሌላ ሰው ቢለው ስቄ አልፈው ነበር። እርስዎ ግን ከጉድጓዴ አፍ ቆመው፣ እትዬ ጌጤ፣ እርስዎን ያየ ሁሉ ይማራል ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ይህንኑ ለመንደሩ ሁሉ ስናገር ነው የከረምኩት፤ እርስዎም እንደሚያውቁት አፌ አያርፍም።

እንግዲህ ሥራዎ በዝቶ ዳግም መጥተው ሊያዩን ላልቻሉት ለእርስዎ፣ ረጅም ዕድሜና ጥሩ የማስታወስ ችሎታ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

እምቢ ካሉት ሴቶች አንዷ፣
ጌጤ ደሞዜ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ጆንያዎቹን ከገደሉ አውጥተን አጥበናቸዋል። ድንች ሞልተንባቸው ለየቤቱ እንሰጣለን፤ አንዱ የእርስዎ ነው፣ ጥለቱን እኔ አስሬበታለሁ። የሚወስዱት ግን ለወረዳው የተናገሩትን በመንደሩ ፊት ካቃኑት በኋላ ነው። የወረዳው ሰዎችም እንመጣለን ብለዋል። ድንቹ ተቀቅሎ፣ አዋዜው ቀርቦ፣ እርስዎንና ይህን ያነበበውን ሁሉ ከደጄ የምንጠብቀው ከጥቅምት መድኃኔዓለም በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው።