ሁለቱን ፍቅረኞች ወንድማማች ብሎ ላጸደቀው ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ ታረቀኝ
የወጣት ማዕከላችን የፊልም ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዲላ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የወገብዎ ሕመም ቀለል ብሎልዎት፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲመላለሱ ባጃጁ ሳያንገላታዎት፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንደሚገኝ ጽኑ ተስፋ አለኝ። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊና ሃያ ስምንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩት ሰው ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነችው የማዕከሉ የፊልም ክፍል ሠራተኛ ትጊ ናት። በርስዎ ፊርማ ከሥራ ከታገደች ዐሥራ አንድ ቀን ሆናት፤ የፊታችን ሐሙስም ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ይህን ደብዳቤ በማዕከሉ በር ላይ የምለጥፈው ከሐሙስ በፊት ከተማው ነገሩን ከነቅደም ተከተሉ እንዲያውቀው ነው።

ጉዳዩ ያጸደቅነው የጃፓን ተከታታይ ድራማ ነው። በአንዲት የወደብ ከተማ የሚኖሩ ሂሮሺ የሚባል ሰዓት ሠሪና ሶታ የሚባል ምግብ አብሳይ፣ ሁለቱም ወንዶች፣ ይፋቀራሉ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሌላ ታሪክ የለውም። በአማርኛ የተረከልን ተርጓሚ ግን ይህን መናገር ፈርቶ ይሁን ገበያውን አስቦ፣ ለዓመታት ተራርቀው የኖሩ የአንድ አባት ልጆች ናቸው አለን። ኮሚቴያችንም አሜን ብሎ ተቀበለ።

አንደኛ፤ ለግምገማ ስልትዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ከዘጠኙ ክፍሎች ሁለቱን ብቻ፣ እነሱንም ስልክዎን በየመሐሉ እያነሡ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ጠንካራ ጎን» እና «ደካማ ጎን» የሚለው ቅጽ እንዲሞላ አዘዙ። በጠንካራ ጎን «ወንድማማችነትን ያስተምራል» ብለው አስጻፉኝ። በደካማ ጎን ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ ሻይ ማብዛታቸውና ይህም ቡና አምራች ለሆነው ዞናችን የገጽታ ግንባታ የማይጠቅም መሆኑ እንዲሰፍር አደረጉ። ቃለ ጉባኤው በእጅ ጽሕፈቴ የተጻፈ ነው፤ ፊርማዬም አለበት፤ አፍሬበታለሁ።

ሁለተኛ፤ ለሠራተኛ ድምፅ ስለሚሰጡት ክብር ላመሰግንዎ ይገባል። ዘጠኙንም ክፍል የተመለከተችው ትጊ ብቻ ነበረች። ሰባተኛው ክፍል ላይ ሂሮሺ ሶታን ወደ አባቱ ቤት ይወስደዋል፤ አባትየውም እንግዳውን ስሙን ይጠይቀዋል። ትጊ ስብሰባችን ድረስ መጥታ «ጋሼ ታረቀኝ፣ አባት የገዛ ልጁን ስምህ ማነው ይለዋል እንዴ? ዋናውን ቅጂ እንየው እንጂ» አለች። እርስዎም «ትጊዬ፣ አንቺ ቁልፏን ተጫኚ፤ መገምገሙን ለኛ ተይው» አሏት። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። አባትየው እርጅና ተጫጭኖት ነው ተባለና ድራማው በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

ሦስተኛ፤ ድንበር ተጋፍተው አራት ዓመት የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾችን ከይርጋጨፌ አስመጥተው፣ ከፊት ወንበር በክብር አስቀምጠው፣ ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት ድራማውን አሳዩአቸው። አለቀሱ፤ ተቃቀፉ፤ ታረቁ። ዕርቁ ዛሬም ጸንቷል። ከኮሚቴያችን ሥራ ሁሉ ፍሬ ያፈራው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም በስሕተት። በመጨረሻው ቅዳሜ እርስዎ የመዝጊያ ንግግር ሲያደርጉ ዋናውን ቅጂ ቀድማ ያየች ማርቲ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተነሥታ «ኧረ እነዚህ ወንድማማች አይደሉም፤ ፍቅረኛሞች ናቸው!» አለች። ሰኞ ጠዋት ትጊ «ኮሚቴውን ሆን ብላ በማሳሳት» ታገደች። ፈቃዱ ላይ ያረፈው ማኅተም በራሱ እግር ሄዶ ያረፈ ይመስል፣ ስለ እሱ የጠየቀ የለም።

እንዲህ ያለ ድራማ በዲላ አዳራሽ ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው፣ ሕግም ሃይማኖትም የሚናገሩበት ክርክር ነው፤ እዚህ አልከፍተውም። ለመከልከልም ሆነ ለመፍቀድ ግን መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል፤ ኮሚቴ የተባልነው ለዚሁ ነበር።

ስለዚህ ዘግይቼም ቢሆን ዋናውን ቅጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልክቼ ቅጹን እንደገና ሞልቻለሁ። ደካማ ጎኑ ብዙ ነው። ስድስት ክፍል የሚበቃው ታሪክ በግድ ዘጠኝ ሆኗል። ሰው ባዘነ ቁጥር ዝናብ ይዘንባል፤ ዝናቡ አልበቃ ሲል ፒያኖ ይጨመርበታል። የሶታ የሥራ ባልደረባ የሆነችው ሴት የተፈጠረችው ተስፋ አድርጋ እንድትቀር ብቻ ነው። ስምንተኛው ክፍል ላይ በመኪና አደጋ የሚመጣው መርሳት ደራሲው ሐሳብ እንዳለቀበት ያስታውቃል። ጠንካራ ጎኑ ግን ሰባተኛው ክፍል ነው። አባትየው የእንግዳውን ስም ከሰማ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። የልጁን ፊት ያያል። ከዚያ ተነሥቶ ሦስተኛ ሳህን ያመጣና ገበታው ላይ ያስቀምጣል። ምንም አይናገርም። ተርጓሚያችን በዚህ ዝምታ ላይ ስለ ውርስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ንግግር ጭኖበታል፤ እኛም ለንግግሩ አጨብጭበንለታል።

አሁን የምጠይቀው አጭር ነው። እግዱ ይነሣ። አይነሣም ከተባለ፣ ሐሙስ ዕለት ከትጊ ጎን የኔም የርስዎም ስም በተከሳሽነት ይጻፍ። የኔን ዛሬ ጠዋት በገዛ እጄ ጽፌ፣ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ አያይዤ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አስገብቻለሁ። የርስዎን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ።

ሳያዩ የማጽደቅ፣ ሳይጠይቁ የመቅጣት ችሎታዎን ከቅርብ ሆኜ ለመመልከት ዕድል ስለሰጡኝ በፍጹም ትሕትና እያመሰገንሁ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ጸሐፊዎ የማልሆነው አክባሪዎ፣

ጥበቡ ኪዳነወልድ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ራስዎ ከማንበብ ይልቅ ሰው አንብቦ ጭብጡን እንዲነግርዎት የሚፈልጉ ከሆነ፣ ከማዕከሉ ሠራተኞች ሁሉ የተሰጣትን ነገር እስከ መጨረሻው ተመልክታ እውነቱን የምትነግርዎት አንዲት ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ ታግዳለች።