ሞደሙን እኔ መረጥኩ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ወንድሜ ተስፋዬ ሳይመርጥልኝ ዕቃ ገዛሁ። ሱቅ ድረስ አብሮኝ መጥቶ፣ አራት አንቴና ያለውን የዋይፋይ ራውተር አንስቶ "ይሄ ይበቃሻል" አለኝ። የቤቴ የኢንተርኔት መስመር የቱ ጋ እንደሚሰካ ሻጩን ጠየቅኩት። እሱ ግን መልሱን ለተስፋዬ ሰጠ።

"የጠየቅኩህ እኔ ነኝ" አልኩት።

ያኔ ዕቃው ከመስመሩ ጋር የሚያገናኘው ሞደም እንደሌለው፣ ሌላ መጨመር እንዳለብኝ አመነ። ሞደሙንም ዋይፋዩንም ባንድ የያዘውን፣ ለእኔ መስመር የሚሆነውን አስወጣሁት።

"ለቪዲዮ ብለሽ ነው ይሄ ሁሉ? መልእክት ብትጽፊላት ምን አለበት?" አለ ተስፋዬ።

ልጄ ሕሊና መስማት አትችልም። ለትምህርት አዲስ አበባ ከሄደች ወዲህ በስልክ እየተያየን በምልክት ነው የምናወራው። ምስሉ ሲቆም ወሬዋ መሃል ላይ ይቀራል።

"አንተ ከልጆችህ ጋር በጽሑፍ ብቻ ነው የምታወራው?" አልኩት። ሂሳቡን ከፈልኩ።

ከሰዓት በኋላ ራሴ ገጠምኩት። ሕሊና ስትደውል ምስሉ አንዴም አልቆመም። ስትመረቅ ወደዚህ ወደ ሐዋሳ እንደማትመለስ ነገረችኝ። ተናደድኩ፤ እሷም ተናደደች። እጆቿ እየፈጠኑ ሲናገሩ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

"ባለፈው ወር ነግሬሽ እሺ ብለሽኝ የለም እንዴ?" አለችኝ።

ያን ቀን ምስሉ ቆሞብኝ ነበር። የምትለው ሳይገባኝ፣ እንዳይከፋት ብዬ በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩላት።

ዛሬ ግን ሁሉንም አይቻለሁ፤ እሺ አላልኩም።