አባዬና ውኃ ያቆረው ንጣፍ

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም «ትንሽ ነው» እያልሽ ታታልይኛለሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከዚህ ከተማ ፀሐይ በቀር የሚያስከፋኝ የለም፤ እሱም ቢሆን ማቃጠል ሲጀምር እኔ ሥራዬን ጨርሼ ጥላ ውስጥ ነኝ። አባዬም ደህና ነው። ለማጽናናት እንዳይመስልሽ፤ እውነቴን ነው። እንዲያውም አስቸግሮኛል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንቺ ገና «ሄሎ» ስልሽ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ተከትዬሽ አለቅሳለሁ፣ ቁም ነገሩ ሳይነገር መስመሩ ይቋረጣል። እስካሁን «እየተሻለው ነው» እያልኩ ያድበሰበስኩትም እሱ ስለከለከለኝ ነው። ሳይሆንልኝ ቢቀር እናትሽ ሁለቴ ትጎዳለች አለኝ። አሁን ጻፊላት ብሏል፣ እንግዲህ አርፈሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

የዛሬ አራት ወር ስትልኪው እንዴት እንደነበረ አንቺም አልረሳሽውም። ስትሮኩ ግራ እግሩን ይዞት፣ ሆስፒታሉ ያለው እኔ ያለሁበት ከተማ ሆኖ፣ ሌላ መላ ስታጪ ነው የላክሽው። ሰባት ዓመት ሙሉ «በአደባባይ ስትዘል የምትውል ልጅ የለኝም፣ ደጄን እንዳትረግጥ» ያለ ሰው፣ በሁለት ሰው ተደግፎ የዚያችኑ ልጁን ደጅ ረገጠ። ሲገባ ዓይኔን አላየም። ግድግዳዬን አየና ልስኑ ተሰንጥቋል አለ። ሰላምታው ይኸው ነበር። ግንበኛ መቼም ግንበኛ ነው ብዬ ዋጥኩት።

በነጋታው አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ። በገዛ እግሬ ካልሄድኩ ወደ ሰፈሬ አልመለስም፤ የገነባሁላቸው ሰዎች ተደግፌ ሲያዩኝ ከምኖር እዚሁ ልቅር አለ። ሐኪሟ ደግሞ በየቀኑ ካልተራመደ እግሩ እንደደረቀ ይቀራል ብላኛለች። እማዬ፣ ያን ቀን ፈራሁ። ባልሽን ሳልመልስልሽ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ።

እኔ ደግሞ እንጀራዬ ሰው ማንቀሳቀስ! ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናፈሻው ውስጥ አርባ ሰው አሰልፌ ስፖርት አሠራለሁ። ልብስ ሰፊዋ ከወገቧ ጋር፣ ታክሲ ነጂው ከቦርጩ ጋር፣ ጡረተኞቹ ከነስኳራቸው፣ ሁሉም ቁጢጥ በሉ ስል ቁጢጥ ይላሉ። አባዬ ግን ወይ ፍንክች! ሽማግሌ ሰው እጁን እያወናጨፈ ሰው ፊት አይቆምም አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በመጨረሻ አኮረፍኩት። ማኩረፍ ደግሞ ከማን ተማርኩና! ሦስት ሳምንት ከወንበሩ ሳይነሳ አሸነፈኝ።

ያስነሳው የኔ ብልሃት አይደለም፣ መውደቄ ነው። መናፈሻውን የሚዞረው መንገድ አዲስ ድንጋይ ተነጥፎበት ነበር። ሣሩን ውኃ ባጠጡ ቁጥር ንጣፉ ላይ ኩሬ ይሠራል፤ አንድ ጠዋት አዳለጠኝና ክርኔ ተልጦ ቤት ገባሁ። አባዬ ክርኔን አየና ምን ሆንሽ ሳይሆን ንጣፉን ማን ሠራው አለኝ። አዲስ ነው አልኩት። አዲስ ንጣፍ ውኃ ያቁራል? ውኃ ልክ የሚባል ነገር አያውቁም? አለ። እኔ ምኑን አውቄው አልኩ። ሸሚዜን አምጪ አለ!

ከቤቴ እስከ መናፈሻው በር ሁለት መቶ ሜትር ነው። ስድስት ጊዜ ቆመ። ሰው ሲያይ እጄን ይገፋል፣ ሰው ሲያልፍ መልሶ ይይዘኛል። ደረሰ፣ አጥሩን ተደገፈ፣ የሠራተኞቹን ዘር ማንዘር የሚያዳርስ ስድብ ተሳደበ፣ ተመለሰ። በማግሥቱ ጥፋቱ እስከ የት እንደሚደርስ ማየት አለብኝ ብሎ እስከ ፏፏቴው ሄደ። በሳምንቱ ከፏፏቴው አልፎ እስከ ትልቁ ዛፍ። እኔ ትንፍሽ አላልኩም። «ጎሽ» ካልኩት ነቅቶብኝ ወንበሩ ላይ ተመልሶ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ።

ከመናፈሻው ፎርማን ጋርም ተጣላ። ፎርማኑ መጀመሪያ አባባ ይለፉ፣ መንገድ አይዝጉ አለው። አባዬ በግማሽ የሞላ የውኃ ጠርሙስ ከኔ ተቀብሎ ድንጋዩ ላይ እንደ ውኃ ልክ አጋደመና፣ ውኃው ወዴት እንዳዘነበለ አሳየው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን አየና ሠራተኞቹን ጠራ። ከዚያ ወዲያ ንጣፉ እየተነሳ እንደገና ሲነጠፍ አባዬ ከሥራው ላይ አልጠፋም። ድንጋይ ለማሳየት ያጎነብሳል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ይነሳል። እኔ ስለምነው እምቢ ያለውን ሁሉ ለድንጋይ ብሎ ሠራው! ሰዎቼ «ኢንጂነር» ብለው ስም አወጡለት። ዕድሜዬን በሙሉ ከኢንጂነር ጋር ስጣላ ኖሬ መጨረሻዬ ይሄ ሆነ ብሎ ተናደደ፤ ግን ሲጠሩት አቤት ይላል።

አሁን የምነግርሽን ደጋግመሽ ብታነቢው ደስ ይለኛል። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን አንዲት አዲስ ሴት አርፍዳ መጣችና ከኋላ ቆሞ የሚያየውን አባዬን አሰልጣኟ የትኛዋ ናት ብላ ጠየቀችው። ሴትዮዋ አትሰማኝም ብሎ ነው መሰለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ያቺ ከፊት ያለችው፣ ልጄ ናት፣ እኔ አሥር ሠራተኛ ማዘዝ አቅቶኝ ስጮህ ኖሬ እሷ አርባ ሰው ሳትጮህ ታዛለች አላት። እማዬ፣ የምቆጥርላቸው ቁጥር ጠፋብኝ። ስድስት ካልኩ በኋላ መልሼ አራት አልኩ። አርባ ሰው ሳቀብኝ። ይሳቅብኝ! እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ መናፈሻውን ሁለት ዙር ዞረ፣ ያለ ምርኩዝ፣ ሳይቀመጥ። አልዋሽሽም፣ እግሩ ትንሽ ይጎተታል። ትናንት ደግሞ ብቻውን ወጥቶ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አለፈ፣ ፀሐዩ ከረረ፣ አልመጣም። ወደቀ ብዬ በነጠላ ጫማዬ ስሮጥ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በእግሩ እየተመለሰ ነው። የረቡዕ ትኬት ቆርጧል፤ ሁለት። ደህና ትሄድ የለም ወይ፣ ደጋፊ ምን ያደርግልሃል አልኩት። ድጋፍ ማን ጠየቀሽ፣ የሰፈሩ ሰው ማን አዳነህ ሲለኝ አንቺን ሳላሳይ በባዶ አፌ ላወራ ነው? ይልቅ ልብስሽን አዘጋጂ ብሎ ቀድሞኝ ሄደ። ፊቱን ሊያሳየኝ አልፈለገም፣ እኔም አልቀደምኩትም።

እንግዲህ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደርሳለን። እስክንገናኝ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ዕድሜሽን ያብዛልኝ። አንድ አደራ አለኝ። አባዬ ከአውቶቡሱ እስከ በራችን ያለውን መንገድ በገዛ እግሩ ነው የሚመጣው፣ ሮጠሽ እንዳትደግፊው። ለጎረቤቶቹም ንገሪልኝ፣ ማንም እንዳይነካው። አንቺ በሩ ላይ ቁሚ ብቻ። ያን በር ሳልፍ ጉልበቴ ከከዳኝ ግን፣ እማዬ፣ እኔን ደግፊኝ።

ናፋቂሽ
ልጅሽ